አፎቱ ብቻ ቀረ

ሽጉጡ የጠፋው ሃምሳ ሁለት ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ሳለ ነው።

እሁድ ነበር። ጉሙ ከዋዜማው ጀምሮ ሽዋመንዲንገን የተባለው የዙሪክ ሰፈር ላይ ተኝቶ አልነሳም ብሏል። ትራሙ ሲያልፍ ድምፁ እንጂ መልኩ አይታይም። ፎቆቹ ከወገባቸው በላይ የሉም፤ አንድ ሰው በህልሙ ጀምሯቸው ሳይጨርስ የነቃ ይመስላሉ። የኢትዮጵያ ጴንጤ ምእመናን የተከራዩት አዳራሽ በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፦ ውሻ አይገባም፣ ብስክሌት አይገባም፣ መሣሪያ አይገባም። በጀርመንኛ ስለሆነ ትልልቆቹ አንብበውት አያውቁም። ልጆቹ ግን በደንብ ያውቁታል፤ ለውሻው መነጽር የሳሉለት እነሱ ናቸው።

ከአዳራሹ በወፍራም ግድግዳ በተለየው፣ ካፖርት በሚሰቀልበት ክፍል ውስጥ፣ ወለሉ ላይ፣ አንድ ጥቁር ቦርሳ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ዚፑ ላይ የቅባት ነገር ያብለጨልጫል። ውስጡ የምሳ ዕቃ፣ ባትሪ፣ ጓንትና የሽጉጥ አፎት አለ። አፎቱ ባዶ ነው።

ጉዳዩ የደረሰው ለኢንስፔክተር ሂባ አብዱልሰላም ነው። አባቷ የወሎ ሰው ናቸው፤ እሷ ጄኔቭ፣ ኦኔ ሰፈር አድጋ ዙሪክ ፖሊስ ውስጥ መርማሪ ሆናለች። አለቃዋ «አማርኛ የሚችል ማነው?» ሲል ቢሮው በሙሉ ወደ እሷ ዞረ። አማርኛ ትችላለች። ጴንጤዎችን ግን አታውቅም። አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ እጇ ሳታስበው ወደ ጫማዋ ማሰሪያ ሄደ። ሁሉም ጫማውን እንዳደረገ ስታይ ማሰሪያዋን የምታጠብቅ አስመሰለች።

«ሽጉጡ የማነው?»

«የእኔ ነው» አለ አንድ ሰው። የጥበቃ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ በሰንበት ትምህርት ልጆች ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሷል። «ደረጄ እባላለሁ። ደውዬ ያሳወቅኩትም እኔ ነኝ።»

የመያዣ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ይህቺን ካርድ ስዊዘርላንድ ውስጥ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሽጉጥ ይዞ ውጭ ለመሄድ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ማንን ከምን አደጋ እንደሚጠብቅ ማስረዳት አለበት። ከዚያ ፈተና አለ፣ የተኩስም የጽሑፍም። ከዚያ ደግሞ ራሱን ወይም ሌላ ሰውን አደጋ ላይ የማይጥል መሆን አለበት። ደረጄ በጽሑፉ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ለሦስተኛው ጉባኤው ሦስት ቀን ጾመለትና አለፈ። ሰው ለትዳር ይጾማል፣ ለመኖሪያ ፈቃድ ይጾማል፤ ለሽጉጥ የተጾመው ግን ያኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«ፈቃዱ ለሥራ ሰዓት ነው» አለች ሂባ። «ሲጨርሱ ሽጉጡ ድርጅቱ ካዝና ውስጥ ይገባል። ታዲያ እዚህ ምን አመጣው?»

«ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ ነው የመጣሁት። ረሳሁት።»

«ጥይት ጎርሷል?»

«ጎርሷል።»

«ካልተገኘ ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ?»

«እስከ ረቡዕ ካልተገኘ ፈቃዴን ይወስዳሉ፤ ሥራዬም ይሄዳል። እኔና ልጄ የምንኖረው በእሱ ነው።» የባቡር ሰዓት የሚያነብ ይመስል ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ «ሰው እንዳይጎዳበት» አለ።

ሂባ ማስታወሻዋ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ደረጄ ይህን ሁሉ ሲያወራ «ማን ወሰደው?» ብሎ አንዴም አልጠየቀም።

*

«ጸሎት ላይ ነበርን» አሉ ፓስተር ቸርነት። ሰማያዊ ክራቫት ያደረጉ፣ ረጅም ሰው ናቸው። ቀኝ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ሐሙስ ዕለት የመኪና በር ቆርጥሟቸዋል።

«ስንት ደቂቃ?»

«መንፈስ እንደመራን።»

«በሰዓት ሲቆጠር?»

«ሃያ አምስት ደቂቃ።»

«ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ?»

«ታዲያ ገልጠን እንጸልይ?»

ሃምሳ ሁለት ምስክር፣ አንድም ዐይን የለም። ሂባ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። «የት ነበሩ?» ስትል ሁሉም «በጌታ ፊት» ይላል። መልሱ አይከፋም፤ ችግሩ ያንን ምስክር ጣቢያ ድረስ መጥራት አለመቻሉ ነው።

«ጸሎቱን ማን መራ?»

«እንግዳችን። እትዬ ትርፍነሽ፣ ከጄኔቭ። የወንድም ደረጄን ራስ ይዘው ነው የጸለዩት፤ ባለቤቱ ሚሪያም ካረፈች ዘጠኝ ወሯ አይደል? እሳቸውን እንኳ ተያቸው። ማይክ ይዘው ነበር፤ ድምፃቸው አንዲት ደቂቃ አልተቋረጠም። አሁን ባቡር ላይ ናቸው።»

ሂባ የእትዬ ትርፍነሽን ስም ጻፈችና ሰረዘችው። የሰባ ዓመት ሴት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ሃምሳ ሁለት ሰው ድምፃቸውን የሰማላቸው። ከዚህ የተሻለ ማምለጫ ከየት ይመጣል?

ቀጥሎ ገብርኤል መጣ። ኪቦርድ ይመታል፣ ድምፅ ማጉያውንም እሱ ነው የሚቆጣጠረው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ላብ አጥምቆታል።

«በጸሎቱ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ገመድ ሳስተካክል።»

«የቱን ገመድ?»

«ያ… ረጅሙን።»

«የእጅ ሰዓትህ ያምራል።»

ገብርኤል እጅጌውን ሳብ አደረገ። «ጋሽ ደረጄ ነው የሰጠኝ። ባለፈው ሳምንት። ‹እኔ ምን ያደርግልኛል› ብሎ።»

ሂባ ጠጋ አለችና አሸተተች። የሚንት ከረሜላ፣ ከሥሩ ሌላ ነገር። የኪቦርዱን ሣጥን አስከፈተችው። ገብርኤል ፊቱ አመድ መሰለ። ከስፖንጁ ሥር የወጣው ግን ሽጉጥ አልነበረም፤ ግማሽ ፓኮ ሲጋራ ነው።

«ስለ ጌታ ብለሽ! ከቆሻሻ ገንዳው ጀርባ ነበርኩ። አንዲት ብቻ!»

«ጌታ አላየህም?»

«ጌታማ ያውቃል። ፓስተሩ ናቸው የማያውቁት!»

ሂባ ሳቋን ዋጠች። «ውጭ ሆነህ ያየኸው ሰው አለ?»

«ጉም ውስጥ ምን ይታያል? የሰማሁት ግን አለ። የድምፁን መከታተያ ጆሮዬ ላይ ሰክቼው ነበር። የእትዬ ትርፍነሽ ማይክ መሀል ላይ ሁለት ጊዜ ተንኮሻኮሸ። ባትሪውን ጠዋት ነው እኮ የቀየርኩት! አሁን ገብርኤል ነው ያበላሸው ይሉኛል።»

ሂባ ይህንንም ጻፈችው። ምን እንደሚጠቅማት ግን አላወቀችም።

*

ሰኞም ጉሙ አልሄደም። ደረጄ የሚኖርበት ዲቤንዶርፍ ላይ አውሮፕላን ይሰማል፣ ሰማይ ግን የለም። ሂባ የደረጄን ደወል ስትጫን በሩን የከፈተችው ልጁ ቤቴል ነች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን ሠላሳ ይሆነዋል።

«ፖሊሷ አንቺ ነሽ? ረዘም ያልሽ መስለሽኝ ነበር።»

«አባትሽስ?»

«ተኝቷል። ወይም ጣሪያ እያየ ነው። ከሁለቱ አንዱ።»

ወጥ ቤት ተቀመጡ። ሰሃን ማድረቂያው ላይ አንድ ሰሃን፣ አንድ ሹካ፣ አንድ ብርጭቆ ብቻ ተደፍቷል። የቤቴል ክፍል በር ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ማክሰኞ ከስምንት ሰዓት በኋላ የእኛ ተራ ነው። ነጩን ለብቻ። ሳሙናው በስተግራ። ቁልፉን ለጎረቤት መልሺ።»

«ይሄ ምንድነው?»

«ቫሽኩኸ! ምድር ቤት ያለው ልብስ ማጠቢያ። ሁልጊዜ የሚያጥበው አባዬ ነው። ማሽኑን አያስነካኝም ነበር፤ ‹ታበላሺዋለሽ› ይላል። ባለፈው ሳምንት ድንገት ‹ነይ ላሳይሽ› ብሎ ሁለት ሰዓት አስተማረኝ። ስለ ሳሙና ሁለት ሰዓት! ብስክሌቱንም ለጎረቤት ሰጠ። ዩኒፎርም ብቻ ነው የቀረው በቃ።»

የሂባ እስክሪቢቶ ቆመ። ሰዓቱን ሰጠ። ብስክሌቱን ሰጠ። ለልጁ ቤት አያያዝ አስተማረ። ይህ ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው ነው። ሽጉጡን ለአንዱ ሸጦ «ተሰረቅኩ» ብሎ፣ ከዚያ ከአገር ሊወጣ ይሆን? ነገሩ ልክ በልክ ገጠመላት። ገጥሞ ግን ደስ አላላትም።

የቤቴል ስልክ ጮኸ። ቤቴል አየችውና ዐይኗን አጉረጠረጠች። «እትዬ ትርፍነሽ! ከትናንት ጀምሮ በየሰዓቱ። ‹አባትሽ በላ? አባትሽ ተኛ? ብቻውን ነው?› የሱ ሞግዚት ሆኑ እንዴ?» አነሳችው። «አቤት እትዬ። አዎ በልቷል። እሺ፣ አልበላም። እሺ።»

በዚሁ መሀል የሂባም ስልክ ጠራ፤ የላቦራቶሪው ሰው ነው። የቦርሳው ዚፕ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ነበር አይደል? የሽጉጥ ዘይት አይደለም። የወይራ ዘይት ነው።

«የወይራ ዘይት?» አለች ሂባ ጮክ ብላ። «አዳራሹ ኩሽና ውስጥ ማነው በወይራ ዘይት ያበሰለው?»

ቤቴል ሳቀች። «የምን ማብሰል? የሚቀባ ነው እኮ! ሲጸልዩልሽ ግንባርሽን ይቀቡሻል። ዕቃም ይቀባል። ቁልፍ፣ ፓስፖርት። የእኔ የጂምናዚየም ትምህርት ቤት ፈተና መግቢያ ካርድ ተቀብቶ ስሜ ፈስሶ መምህሯ ‹ይሄ ቺፕስ ነው?› አለችኝ።»

«እሁድ ዘይቱን የያዘው ማነው?»

«ፓስተር እጃቸው በፋሻ ታስሯል። እትዬ ትርፍነሽ ናቸዋ።»

«እሳቸው ግን ከመድረኩ አልተነሱም። ድምፃቸው አልተቋረጠም።»

«ማይኩ ገመድ የለውም!» አለች ቤቴል። «እትዬ ትርፍነሽ ደግሞ ሲጸልዩ አንድ ቦታ አይቆሙም። ባለፈው ዓመት ማይኩን እንደያዙ ኩሽና ገብተው ወጡን ባርከው ተመለሱ። እኔ ዐይኔን ገልጬ ስለነበር አይቻቸዋለሁ። ለአባዬ እንዳትነግሪ።»

ሂባ እሁድን በሐሳቧ ደገመችው። አሮጊቷ እየጸለዩ ተነሱ። እየጸለዩ በወፍራሙ ግድግዳ ጀርባ አለፉ፤ ግድግዳው ሞገዱን ጋረደውና ማይኩ አንዴ ተንኮሻኮሸ። እየጸለዩ ዚፑን በዘይታም ጣታቸው ከፈቱ። እየጸለዩ ተመለሱ፤ ማይኩ ለሁለተኛ ጊዜ ተንኮሻኮሸ። ሃምሳ ሁለቱም «አሜን» አሉ።

ማን እንደሆነ ታወቀ። የሰባ ዓመት የጸሎት ሴት ሽጉጥ ምን ያደርግላቸዋል? ይህ ግን አልታወቀም።

*

ማክሰኞ ጠዋት ሂባ ወደ ጄኔቭ ተሳፈረች። የዙሪክ ፖሊስ መታወቂያ ጄኔቭ ሲደርስ ተራ ብረት ነው፤ እዚያ ማንንም መያዝ አትችልም። ስለዚህ ለጄኔቩ መርማሪ ለሪያድ ቀድማ ደውላለት ነበር። ሪያድ የሐረር ልጅ ነው፤ ኦኔ ሰፈር ከእሷ ጋር አብሮ ያደገ።

ባቡሩ ጉሙን እየቀደደ ሄደ። ላሞች ከነጭ ውስጥ ብቅ ይሉና ተመልሰው ይጠፋሉ። መስኮቱ ላይ የሂባ ፊት ከዛፎቹ ጋር አብሮ ይሮጣል። የመሣሪያ ሕጉን ወረቀት ጭኗ ላይ ዘርግታዋለች። መቶ ጊዜ አንብባዋለች። «ራሱን ወይም ሌላ ሰውን አደጋ ላይ ይጥላል ተብሎ የሚሰጋ ሰው መሣሪያ አይፈቀድለትም።» ፖሊስ ሁሉ ይህን ሲያነብ «ሌላ ሰውን» የሚለው ላይ ነው ዐይኑ የሚያርፈው። ሥራው እሱ ነዋ፤ ሌላ ሰው።

ባቡሩ ከዋሻው ወጣ። ድንገት ጉሙ የለም። ሐይቁ ከታች በብርሃን ተዘርግቷል፤ ውሃው የት አልቆ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይለይም። ሰው ሁሉ ከስልኩ ቀና አለ። ሂባም ቀና ብላ አየችና እንደገና ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

የመጀመሪያው ቃል ላይ ቆመች። «ራሱን።»

ሰዓቱ። ብስክሌቱ። ሁለት ሰዓት ስለ ሳሙና። ደረጄ ወደ የትም አገር ሊሄድ አልነበረም።

ለዙሪክ ባልደረባዋ ደወለች። «አሁኑኑ ዲቤንዶርፍ ሰው ላክልኝ። ሐኪም ይዞ። አይያዝ፣ አይጠየቅ። አብረውት ይቀመጡ ብቻ።» ባልደረባዋ መልሶ እስኪደውል የነበረው ጊዜ ከሐይቁ ይረዝም ነበር። በመጨረሻ ስልኩ ጠራ። «ቤት ነው። ደህና ነው። ሐኪሟ አጠገቡ ተቀምጣለች። ልጅቷ ደግሞ ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ ‹አሞኛል› ብላ ነበር። አላመማትም።»

*

ሂባንና ባቡር ጣቢያ የጠበቃትን ሪያድን አሥራ አራት ቁጥር ትራም ኦኔ አደረሳቸው። ረጃጅሞቹ ፎቆች ልክ ሂባ ልጅ ሳለች እንደነበሩት ፀሐይ እየሞቁ ቆመዋል። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ እትዬ ትርፍነሽ ደወሉ ሳይጮህ በሩን ከፈቱ።

«መጣሽ? እሁድ ትመጫለሽ ብዬ ነበር። ዘገየሽ፣ ልጄ።»

ሽጉጡ አልጋቸው ላይ ነበር፤ ጥለቱ አረንጓዴ በሆነ ነጠላ ተጠቅልሏል። ሪያድ ጓንቱን አድርጎ የጥይቱን ካርታ አወጣ፣ ጥይቶቹን አራገፈ። ላቡን ጠረገ።

«እማማ፣ ይሄን ጎርሶ እያለ ነው በባቡር ያመጡት?»

«ዳቦዬ ሥር አድርጌ። በእጄ አልነካሁትም፤ በነጠላው ነው ያነሳሁት።»

«ያለ ፈቃድ! ሦስት ሰዓት ሙሉ!»

«ቲኬት ነበረኝ።»

ሂባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እንዴት አወቁ፣ እትዬ?»

እትዬ ትርፍነሽ ነጠላውን ዳሰሱት። «የሚሪያም ነው። እሁድ ጠዋት ደረጄ ሰጠኝ። ‹ይያዙልኝ፤ ቤቴል ስታገባ ይስጧት› አለኝ። አባት እንዲህ ይላል? ‹እሰጣታለሁ› ነው የሚለው። ቅዳሜ ደግሞ ባቡሩ ላይ አሸልቦኝ በህልሜ አይቼዋለሁ፤ ጉም ውስጥ ዩኒፎርሙን ብቻ አየሁት፣ ውስጡ ሰው የለም። ራሱን ይዤ ስጸልይ ጆሮው ላይ ‹ቦርሳህ ውስጥ ምን አለ?› አልኩት። እንባው እጄ ላይ ወረደ። በቃ፣ እየጸለይኩ ሄድኩ።»

«ለምን ለፖሊስ አልተናገሩም?»

«ፖሊስ ቢመጣ የሚያየው ፈቃዱን ነው። ፈቃዱ ደግሞ ደህና ነው። ደህና ያልሆነው እሱ ነው።»

ሪያድ በቀስታ አስረዳቸው፤ ሪፖርት ይጻፍባቸዋል፣ ዐቃቤ ሕግም ይጠራቸዋል። እሳቸው «እመጣለሁ» አሉ። «አስተርጓሚ ካለ።» ከዚያ ወደ ሂባ ዞሩ። «ነይ፣ እጅሽን ዘርጊ።»

«እትዬ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ እኮ፣ ዘይቱን…»

«ዘይት ማን አነሳ? ዳቦ ልሰጥሽ ነው። ለደረጄና ለልጁ አድርሺልኝ።»

*

ዲቤንዶርፍ ስትደርስ ጉሙ ሳስቶ ነበር፤ ፎቆቹ ቀስ በቀስ አንገትና ራስ እያወጡ ነው። ሐኪሟ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስልክ ታወራለች። ደረጄ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ሂባ ዳቦውን አስቀመጠችለት።

«ሽጉጡ ተገኝቷል።»

ዐይኑን ጨፈነ።

«ማን ጋ እንደነበርም፣ ለምን እንደተወሰደም አውቄያለሁ፣ ጋሽ ደረጄ።»

ከዚያ ዐይኑን ሳይገልጥ፣ «ይመለስልኛል?» አለ።

«አይመለስም።»

ትንፋሹ ከሆዱ ወጣ። ዘጠኝ ወር ይዞት የቆየ ነበር የሚመስለው። «ተመስገን» አለ።

ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ ወደ ሂባ ገፋው። «ፈተናው ላይ ማንን ከምን ትጠብቃለህ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ሁሉንም በትክክል መለስኩ። ራስህን ከራስህ ማን ይጠብቅሃል ብሎ ግን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ሥራዬስ?»

«ያለ ሽጉጥ የሚሠራ ጥበቃ አለ። ለድርጅቱ እኔ እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን ከሐኪሟ ጋር ይሄዳሉ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም።»

«እሺ።»

ቤቴል በር ላይ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ። ዐይኗ አብጧል፤ አፍንጫዋ ቀልቷል። ሄዳ ከክፍሏ በር ላይ ወረቀቱን ቀደደችው። አምጥታ አባቷ ደረት ላይ በመዳፏ ለጠፈችው፤ እጇንም አላነሳችም።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው። ተራችን ነው።»

«ቤቲዬ…»

«እኔ ቫሽኩኸ አልወርድም። ከወረድኩ ቀዩን ከነጩ ቀላቅዬ ሸሚዝህን በሙሉ ሮዝ አደርገዋለሁ። ሮዝ ትፈልጋለህ?»

«አልፈልግም።»

«እንግዲያውስ ተነስ።»

ደረጄ ተነሳ። ቅርጫቱን አንሥቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለና «ሐኪሟ ትጠብቀኛለች?» አለ። ሐኪሟ ሦስተኛ ሆና ከኋላቸው ወረደች። ሂባ ብቻዋን ቀረች። አንድ ሰሃን ብቻ ያለበትን ማድረቂያ አየች፤ ከመደርደሪያው ሁለት ጨምራ አወጣችና ዳቦውን ቆረሰች።

ከምድር ቤት የማሽን በር ተዘጋ። ከዚያ ውሃ ሲገባ ተሰማ፤ ከዚያ የቤቴል ድምፅ፦ «ነጩን ለብቻ ብለህ አልነበር?»

ማሽኑ መዞር ጀመረ።